ሳይንስ ከቤተ ሙከራ እስከ ስልካችን፦ ወሬው የት ላይ ይጣመማል?

ኦክቶበር 2015 ላይ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንድ መግለጫ አወጣ (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤጀንሲው የዓለም ጤና ድርጅት አካል ነው። መግለጫው ቋሊማን፣ ቤከንንና ሌሎች የተቀነባበሩ ሥጋዎችን ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ መደባቸው። እዚያው ምድብ ውስጥ ትምባሆ አለ፤ አስቤስቶስም አለ። በቃ፣ የቀረውን መገመት አይከብድም። በብዙ አገር ጋዜጣ ላይ ቋሊማና ሲጋራ እኩል ሆነው አደሩ።

ኤጀንሲው ግን እንዲህ አላለም። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፤ ነገሩ ስንት ሰው እንደሚገድል አይናገርም። ሁለቱም ካንሰር እንደሚያመጡ እርግጠኞች ነን፣ እሺ። ስንት ሰው ላይ? እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ያኔ በጥያቄና መልስ መልክ ባወጣው ማብራሪያ በጠቀሰው ግምት፣ የተቀነባበረ ሥጋ ማብዛት በዓለም ዙሪያ በዓመት ለ34,000 ያህል የካንሰር ሞት ምክንያት ሲሆን፣ የትምባሆው ግን ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋል።

መግለጫው ሌላም ቁጥር ነበረበት። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ይጨምራል ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ከ100 በላተኛ 18ቱ ይታመማሉ ብሎ ነው የሚረዳው። አይደለም። ብሪታንያን ብንወስድ፣ ከ100 ሰው 6 ያህሉን በሕይወት ዘመናቸው ይህ ካንሰር ይይዛቸዋል። 6 ላይ የ6ን 18 በመቶ ጨምሩበት፤ 7 ገደማ ነው። 100 ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን በየቀኑ ቢበሉ ከመካከላቸው አንድ ተጨማሪ ሰው ይታመማል ማለት ነው። ይህ ምንም አይደለም አልልም፤ ያ አንዱ እኔ ልሆን እችላለሁ። ግን "18 በመቶ" ሲባል የሚሰማን ድንጋጤና "ከ6 ወደ 7" ሲባል የሚሰማን ነገር በጭራሽ አይገናኙም። ሁለቱም ደግሞ እውነት ናቸው።

ቁጥር እንዲህ መሆኑ ቀልድ የሚመስለው ጉዳት እስኪያደርስ ድረስ ነው። በ1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ አዲሶቹ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን እጥፍ ያደርጋሉ ብሎ ለሐኪሞች በአስቸኳይ ጻፈ፣ ለመገናኛ ብዙኃንም አሳወቀ። እጥፍ! ይህን ሰምቶ ማን ክኒን ይውጣል? ብዙ ሴቶች እዚያው አቆሙ። ቁጥሩ ሲፈታ ግን ከ7,000 ሴቶች አንዷ ላይ ይደርስ የነበረው ወደ ሁለት ከፍ አለ ነው። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ተገምቷል። እርግዝና ራሱ ደግሞ ከክኒኑ የበለጠ ለደም መርጋት ያጋልጣል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ የዋሸ ሰው የለም። "ከስንት ወደ ስንት?" የሚለውን ጥያቄ በጊዜው የመለሰ ሰው ነው የጠፋው።

ሳይንስን ለሕዝብ ስለማድረስ ሲወራ የተለመደው እሮሮ "ሕዝቡ አይገባውም" የሚል ነው። በዘርፉ ያሉ ሰዎች ይህን አስተሳሰብ የጉድለት ሞዴል ይሉታል። ሰሚው ባዶ ነው፣ ባለሙያው ሙሉ ነው፣ ስለዚህ ሥራው ከሙሉው ወደ ባዶው መገልበጥ ነው የሚል ነው። የብሪታንያ የሳይንስ አካዳሚ የሆነው ሮያል ሶሳይቲ በ1985 ሕዝቡ ሳይንስን በደንብ እንዲረዳ መሠራት አለበት የሚል ታዋቂ ሪፖርት ካወጣ በኋላ ብዙ ዘመቻ በዚህ መንፈስ ተካሄደ። በ2000 ደግሞ የዚያው አገር የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ዕውቀት ማፍሰስ ብቻውን እንደማይበቃ፣ መነጋገር እንደሚያስፈልግ ጻፈ። እኔ ከዚህም አንድ እርምጃ ልሂድ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላኪው በኩል ነው። ሰሚው እጅ የሚገባው መንገድ ላይ ተጣሞ ያለቀ ነገር ነው፣ ከዚያ "አልገባህም" ተብሎ ይወቀሳል።

መንገዱን እንየው። አንድ ጥናት ታትሞ ከመውጣቱ ከቀናት በፊት ትልልቆቹ የምርምር መጽሔቶች ለጋዜጠኞች ይልኩታል፣ "ከዚህ ቀን ከዚህ ሰዓት በፊት እንዳይወጣ" ከሚል ገደብ ጋር። ሐሳቡ ጋዜጠኛው አንብቦ፣ ጠይቆ፣ ተረጋግቶ እንዲጽፍ ነው። ክፋት የለውም። ውጤቱ ግን ታውቁታላችሁ፦ በአንድ ሰዓት፣ በመቶ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ዜና። አብዛኛው ጋዜጠኛ ጥናቱን ሙሉውን የማንበብ ጊዜ የለውም፤ እጁ ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲው ጋዜጣዊ መግለጫ ነው።

ታዲያ ማጋነኑ የሚጀምረው የት ነው? ሁላችንም ጋዜጠኛው ላይ ጣት መቀሰር ይቀናናል። በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን በ2014 ያወጣው ጥናት ሌላ ነገር አገኘ። ከ20 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ 462 የጤና ነክ ጋዜጣዊ መግለጫዎችን ወስደው፣ ከዋናው ጥናትና ከዜናው ጋር ጎን ለጎን አነበቡ። ከመግለጫዎቹ 40 በመቶው ጥናቱ ከሰጠው የተጋነነ ምክር ይሰጣሉ። 33 በመቶው "አብረው ታዩ" የተባለውን "አንዱ ሌላውን አመጣ" አድርገውታል። 36 በመቶው ደግሞ አይጥ ላይ ወይም ሌላ እንስሳ ላይ የታየውን ወደ ሰው አሻግረውታል። የሚገርመው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። መግለጫው ከእንስሳ ወደ ሰው ሲዘል ዜናውም በ86 በመቶ ይዘላል፤ መግለጫው ራሱን ሲገታ ግን የሚዘለው ዜና 10 በመቶ ብቻ ነው። የሚዲያው ቅጥፈት የምንለው ነገር ብዙው ከዩኒቨርሲቲው ቢሮ ተፈርሞ የወጣ ነው፤ መግለጫዎቹን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አይተው ነው የሚያሳልፉት። አጋንኖ መጻፉ ዜና የመሆን ዕድሉን እንደጨመረውም እምብዛም ማስረጃ አልተገኘም። ለምን ታዲያ?

ከዚያ በኋላ ርዕሱ ይመጣል። ርዕስ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አርታዒው ነው፣ ዘጋቢው አይደለም። ስለዚህ ዜናው ውስጥ "በአይጦች ላይ" የሚል ቃል ተቀምጦ ርዕሱ ላይ ድራሹ ይጠፋል። ሰው ደግሞ ርዕስ አንብቦ ያልፋል፤ እኔም አደርገዋለሁ፣ እናንተም።

እያንዳንዱ መገናኛ ዘዴ የራሱ ጣጣ አለው። ቴሌቪዥን ምስል ይፈልጋል፣ ምስል ደግሞ "ምናልባት" ማለት አይችልም። በ1990 ብሪታንያ ውስጥ የእብድ ላም በሽታ ተነስቶ ሕዝቡ ሲጨነቅ፣ የግብርና ሚኒስትሩ ጆን ጋመር ካሜራ ፊት ቆሞ ለ4 ዓመት ልጁ ሃምበርገር ሲሰጥ ታየ። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ልጄን የማበላውን እናንተም ብሉ። ሳይንሱ ግን ያኔ እንደዚያ አፉን ሞልቶ አልተናገረም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት በሽታው ወደ ሰው የመተላለፉ ዕድል ሩቅ ነው ካለ በኋላ፣ ግምታችን ከተሳሳተ ግን መዘዙ እጅግ ከባድ ይሆናል ብሎ አክሎ ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ሁለተኛው ግማሽ ቀረ። ማርች 1996 ላይ መንግሥት በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ለምክር ቤቱ አስታወቀ። በዚያ አገር ብቻ ከ170 በላይ ሰዎች በሰዉ ላይ በሚታየው ዓይነት ሞተዋል። ያ የሃምበርገር ምስል ዛሬም ድረስ የመንግሥት ማረጋገጫ ምን ያህል እንደሚታመን በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ደግሞ ችግሩ ፍጥነት ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተዘዋወሩ፣ እውነትነታቸው የተጣራ 126,000 ያህል ወሬዎችን ተከታትለው በ2018 አሳተሙ። ሐሰተኛው ወሬ እንደገና የመጋራት ዕድሉ ከእውነቱ በ70 በመቶ ይበልጣል። እውነት 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ከሐሰት 6 እጥፍ ጊዜ ይወስድበታል። አብዛኛው ሰው "ቦቶቹ (እንደ ሰው ሆነው በራሳቸው የሚለጥፉት ፕሮግራሞች) ናቸው" ይላል። ቦቶቹን አውጥተው ሲያዩትም ያው ሆነ። የሚያጋራው ሰው ነው፣ የሚያጋራውም አዲስና ያልተሰማ ነገር ስለሆነ ነው። ሐሰት ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ መሆን ይችላል። እውነት እንደዚያ አይመቻትም።

እስካሁን ያወራነው አብዛኛው ስለ አንድ አገር ነው። ድንበር ሲሻገር ነገሩ ይብሳል።

ቀላል የምትመስል አንዲት ዓረፍተ ነገር ልውሰድ፦ "ነገ ዝናብ የመዝነብ ዕድሉ 30 በመቶ ነው።" በ2005 የታተመ ጥናት ይህችን ዓረፍተ ነገር በኒውዮርክ፣ በአምስተርዳም፣ በበርሊን፣ በሚላኖና በአቴንስ መንገደኞችን አስቁሞ ጠየቀ። ብዙ ሰው "ነገ ከቀኑ 30 በመቶ ያህሉን ጊዜ ይዘንባል" ወይም "ከአካባቢው 30 በመቶ ላይ ይዘንባል" ብሎ መለሰ። ትክክለኛው ትርጉም እንደ ነገ ያሉ 10 ቀናት ቢኖሩ በ3ቱ ይዘንባል ማለት ነው። ይህን አብዛኛው ሰው የመለሰው ኒውዮርክ ላይ ብቻ ነው። የኒውዮርክ ሰው ስለበለጠ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ትንበያ በዚህ መልክ መነገር ከጀመረ 1960ዎቹ ናቸው፣ ጆሮው ለምዶታል። መፍትሔው ደግሞ ያን ያህል ከባድ አልነበረም፣ የምን 30 በመቶ እንደሆነ መጨመር ብቻ ነው። ከጊዜው ነው? ከቦታው ነው? ከቀናቱ ነው? ትንበያውን የሚያነበው ሰው ይህን ለምን እንደማይል ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ቁጥር ግን ይስተካከላል። መተማመን ነው የሚከብደው። ዌልካም የተባለው ድርጅት በ2018 ከ140 በላይ አገሮች ውስጥ ወደ 140,000 ሰዎችን ስለ ሳይንስና ስለ ክትባት አስጠይቆ ነበር። ክትባት ደህንነቱ የተጠበቀ ነው በሚለው የማይስማማ ሰው ከሁሉም በልጦ የተገኘው የት ይመስላችኋል? ፈረንሳይ፤ ከ3 ሰው አንዱ። የክትባት ፈር ቀዳጁ የሉዊ ፓስተር አገር! ባንግላዴሽና ሩዋንዳ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ተስማምቷል። ዕውቀት ማነስ ቢሆን ችግሩ፣ ውጤቱ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። ፈረንሳይ ውስጥ በ1980ዎቹ በኤችአይቪ የተበከለ ደም ለሕሙማን ተሰጥቶ ትልቅ ቅሌት ሆኗል፤ በ1998 በትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በጥርጣሬ ቆሟል፤ በ2009 ለኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ተብሎ የተገዛው እጅግ ብዙ ክትባት አብዛኛው ሳይወጋ ቀርቷል። ሰው ክትባቱን ሲያይ ይህን ሁሉ አብሮ ያያል። እዚያ ላይ "ክትባት እንዴት እንደሚሠራ" የሚል ቆንጆ ቪዲዮ ሠርቶ መልቀቅ ያልተጠየቀ ጥያቄ መመለስ ነው።

ሰሚው ከባለሙያው የበለጠ የሚያውቅበት ጊዜም አለ። ይህን በደንብ የሚያሳየው የካምብሪያ በግ አርቢዎች ታሪክ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት። ኤፕሪል 1986 ላይ የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ፈነዳ። ሜይ መጀመሪያ ላይ ደመናው ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ተራሮች ላይ ከባድ ዝናብ ሆኖ ወረደ፣ ሬዲዮአክቲቭ ሲዚየም ይዞ። በጎቹ ሣሩን በሉ። መንግሥት ጁን ላይ በግ እንዳይሸጥና እንዳይታረድ ከለከለ፣ ሳይንቲስቶቹም እገዳው ሦስት ሳምንት ቢፈጅ ነው አሉ። ስሌታቸው ግን የተሠራው በሸክላማ አፈር ላይ በተደረገ ጥናት ነው። ሸክላማ አፈር ሲዚየምን ይዞ ያስቀረዋል፣ ተክሉ ጋ አይደርስም። የካምብሪያ ተራራ አፈር ደግሞ አሲዳማና በከፊል የበሰበሰ ዕፅዋት የሞላበት ነው፤ ሲዚየሙ አይታሰርም፣ ሥሩ ይመጥጠዋል፣ ሣሩ ላይ ይወጣል፣ በጉ ይበላዋል፣ እንደገና በፋንድያው ወደ አፈሩ ይመለሳል። ሦስቱ ሳምንት አለፈ። እገዳው ቀጠለ። የመጨረሻዎቹ እርሻዎች ከእገዳው የወጡት በ2012 ነው።

ስሌት መሳሳቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የላንካስተር ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዊን አርቢዎቹን እየዞረ አነጋግሮ የጻፈው ሌላም አለ። ባለሙያዎቹ አርቢዎቹን በጎቹን ሸለቆ ውስጥ አቆዩአቸው፣ እዚያ ብክለቱ ያንሳል ብለው መከሩ። አርቢው ደግሞ የሸለቆው ሣር ትንሽና ለክረምት የሚቀመጥ መሆኑን፣ አሁን ከተበላ ወደፊት በጎቹ እንደሚራቡ ያውቃል። ሌላ ጊዜ ባለሙያዎቹ አንድ ማዕድን ሣሩ ላይ ነስንሰው የሲዚየሙን መጠን ይቀንስ እንደሆነ ለመፈተን በጎቹን በአጥር ከለሏቸው። አርቢዎቹ እነዚህ በጎች ተራራ ላይ ተለቀው የለመዱ ናቸው፣ ብታጥሯቸው ይከሳሉ፣ የምታገኙት ውጤት ዋጋ የለውም አሉ። የሰማቸው አልነበረም። ሙከራው ከጊዜ በኋላ ድምፁን አጥፍቶ ተተወ፣ ምክንያቱም አርቢዎቹ የተናገሩት ነበር። አርቢዎቹ ደግሞ አጠገባቸው የሴላፊልድ የኑክሌር ጣቢያ አለ፤ በ1957 እሳት ተነስቶበት ነበር፣ በጊዜው ምን ያህል እንደተደባበሰም ያስታውሳሉ። ስለዚህ "ይህ ከቼርኖቤል ነው እንጂ ከእኛ አይደለም" ሲባሉ በአንድ ቃል አልተቀበሉም። አላዋቂነት ነው? እኔ አይመስለኝም።

እርግጠኛ ያልሆነን ነገር እንዴት እንናገር የሚለው የዚህ ሥራ ትልቁ ፈተና ነው። ጣሊያን፣ ላኲላ ከተማ፣ 2009። ለወራት ትንንሽ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደጋገም ሕዝቡ ተሸበረ። ማርች 31 ላይ ባለሙያዎች ስብሰባ ተጠሩ። የሲቪል ጥበቃው ምክትል ኃላፊ ለቴሌቪዥን ሲናገር ጉልበቱ በትንሽ በትንሹ እየወጣ ስለሆነ አደጋ የለም፣ እንዲያውም ሁኔታው ጥሩ ነው የሚል ነገር አለ። ይህ ሳይንስ አይደለም። ትንንሽ መንቀጥቀጥ ትልቁ አይመጣም ማለት አይደለም፤ ይመጣል ማለትም አይደለም። በዚያ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ከቤት ወጥቶ ማደር የቆየ ልማድ ነበር። ኤፕሪል 6 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ መጠኑ 6.3 የሆነው መጣ፣ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ፣ ያን ማረጋገጫ ስለሰሙ ነው በዚያች ሌሊት ቤት ውስጥ የቀሩት ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2012 ሰባት ባለሙያዎችና ኃላፊዎች 6 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። በ2014 ስድስቱ ሳይንቲስቶች በይግባኝ ነጻ ሲወጡ የቴሌቪዥኑ ተናጋሪ ቅጣት ወደ 2 ዓመት ተቀነሰ። በዓለም ዙሪያ "ሳይንቲስቶች መንቀጥቀጥ ስላልተነበዩ ታሰሩ" ተብሎ ተዘገበ። ያ ዜና ራሱ የተጣመመ ነበር፤ ክሱ የተመሠረተው አደጋውን ገምግመው ለሕዝቡ ባሳወቁበት መንገድ ላይ ነው።

ኃላፊዎች "አናውቅም ካልን ማን ይሰማናል" ብለው ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት ተፈትኗል። በ2020 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ ቁጥርን "ከዚህ እስከዚህ ባለው መካከል ነው" ብሎ መናገር የሰውን እምነት የሚቀንሰው በጣም በጥቂቱ ነው። በዚያው ዓመት ማርች 28 ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ በአየር እንደማይተላለፍ በትልልቅ ፊደል፣ "እውነታ" የሚል ማህተም አድርጎ ትዊተር ላይ ለጠፈ። በኋላ ራሱ አቋሙን ለወጠ። ሳይንስ ሐሳብ መለወጡ ጤናማ ነገር ነው፤ ግን "እስካሁን ባየነው" የሚሉ ሁለት ቃላት መጀመሪያውኑ ቢገቡ ኖሮ፣ ለውጡ ሲመጣ ያን ያህል እንደ ውሸት ባልተቆጠረ።

የኢቦላው ጊዜ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ላይ አሳይቷል። ከ2014 እስከ 2016 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ28,000 በላይ ሰው ይዞ ከ11,000 በላይ ገደለ። መጀመሪያ ላይ ፖስተሩም ሬዲዮውም "ኢቦላ ገዳይ ነው፣ መድኃኒት የለውም" ይል ነበር። ትክክል ነው። ሰሚው ግን ከዚህ የወሰደው ግልጽ ነው፦ መድኃኒት ከሌለው ሕክምና ማዕከል ሄጄ ለምን ብቻዬን እሞታለሁ? ቤቴ፣ ቤተሰቤ መሃል ልሙት። ቤተሰቡም ያስታምማል፣ ያጥባል፣ ይይዘዋል። አስከሬን ደግሞ በቫይረሱ የተሞላ ነው። ሞንሮቪያ ውስጥ አስከሬን በግዴታ ይቃጠል ሲባል ሰው ሬሳ መደበቅ ጀመረ።

ኖቬምበር 2014 ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ከክርስቲያንና ከሙስሊም የሃይማኖት ሰዎች ጋር ሆኖ አዲስ የቀብር መመሪያ አወጣ። ለሙስሊሞች ውሃ ሳይነካ የሚደረግ ትጥበት ተፈቀደ፤ ከፈን ለሚፈልግ አስከሬኑ በከፈን ይጠቀለላል። ጸሎት ይደረጋል፣ ቤተሰብ ራቅ ብሎ ያያል፣ መቃብሩ ላይ ስም ይጻፋል። መመሪያው የቀብር ቡድኑ ገና ሲደርስ ያንን የሚያስፈራ ሙሉ መከላከያ ልብስ እንዳይለብስም ያዛል። መጀመሪያ በዘወትር ልብሳቸው ሆነው ይገባሉ፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናሉ፣ ምን እንደሚሠሩ ያስረዳሉ፣ ቤተሰቡ የሚፈልገውን ይጠይቃሉ። እሺ ሲባሉ ነው የሚለብሱት።